ደግፌ ቤት ሲለቅ

ይህ ወሬ ስለ ሙታን ነው። ከጅምሩ ይታወቅልኝ፤ ኋላ አንዱ ተነሥቶ «እኛን ሊነካ ፈልጎ ነው» እንዳይለኝ። ሕያዋኑ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው፣ የሚያስብላቸውም የሚመለከተው አካል አለላቸው። እኔ የማወራው በደብሩ ግቢ፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ፣ ከጽዶቹ ሥር ስለነበሩት ጸጥተኛ ነዋሪዎች ብቻ ነው።

ጸጥተኛ ስል የምሬን ነው። ውኃ ጠፋ ብለው ጀሪካን ይዘው አልተሰለፉም፤ መብራት ሄደ ብለው አላማረሩም። ጣሪያቸው ሣር፣ ግድግዳቸው አፈር ነው። በደጃቸው ላይ ለአንዳንዱ ሐውልት ቆሞለታል፣ ለአንዳንዱ የእንጨት መስቀል፤ የተቀረው ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ በቀለም ስሙ ተጽፎለት ይበቃዋል። ቀኛዝማቹ ከሊስትሮው ጎን ለጎን ተኝተው ሲኖሩ አንድም ቀን ተጣሉ ሲባል አልተሰማም። መቼም የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ በቁማቸውም ያው ጎን ለጎን ነበር የኖሩት።

ደግፌ አናጢው ከነሱ አንዱ ነው። የሰፈሩን በርና መስኮት ግማሹን የሠራው እሱ ነው ቢባል ውሸት የለውም። ሳቁ ከሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ወሬ ነፍሱ የሆነ፣ ዳማ ሲጫወት ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚያጭበረብር ሰው ነበር። በቀኙ የተኛው ተካልኝ በሕይወት ሳለ ያው የዳማ ባላጋራው ነው። ሁለቱ በቆርኪ ዳማ ጠዋት ተኮራርፈው ማታ እየታረቁ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ተካልኝ ቀድሞ ሄደ። ደግፌ አልቻለም፣ ብዙም ሳይቆይ ተከተለው። አልጋ ላይ ሆኖም «ተራው የኔ ነበር፣ ሳንጨርሰው ጥሎኝ ሄደ» እያለ ያማው ነበር አሉ።

አሰገደች የደግፌ ሚስት ናት። ሰፈርተኛው እትዬ ይላታል፤ እኔ ስለምወዳት አሰገደች እላታለሁ። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እሑድን አሳልፋ አታውቅም። ቅዳሴ ሲያልቅ በቤተልሔሙ ጀርባ ትዞርና ከእግርጌው ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የሳምንቱን ወሬ ትነግረዋለች፤ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ጋር ተኳረፈ። ዝናብ ከጣለ ጥላዋን ዘርግታ ግማሹን ለሱ ታደርግለታለች። ወይ አሰገደች! ከደግፌ በግራ በኩል ደግሞ አንድ ሰው የምታስተኛ ባዶ ቦታ ነበረች። ያቺን ቦታ በዓይኗ ለክታ ይዛታለች። በዚህ ዓለም የቀራት ምኞት እሷው ብቻ ነበረች፤ አንድ ቀን እዚያ ጋደም ብላ፣ ፊቷን ወደሱ አዙራ፣ ወሬውን ካቆመችበት መቀጠል።

አንድ እሑድ፣ ሕዝቡ ገና ሳይበተን፣ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ቸርነት ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ቸርነት የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ በሕፃንነቱ የተኛባትን አልጋ የሠራለት ደግፌ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ደብራችን እያደገ ነው አለ። ከቤተልሔሙ ጀርባ ትልቅ ሁለገብ ሕንፃ ሊሠራ ነው፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ አዳራሽ፣ ከምድር ቤቱም የመኪና ማቆሚያ ይኖረዋል አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገና፦

«በዚያ ያረፉ ወገኖቻችን ወደ ተሻለ ማረፊያ ይዛወራሉ። ቦታው ሰፊ ነው፣ እንደዚህ መተፋፈግ የለበትም፣ አየሩም ንጹሕ ነው። እዚሁ ልቆይ የሚል ቤተሰብ ደግሞ በአዲሱ ፉካ ውስጥ ቦታ መግዛት ይችላል» አለ።

ንጹሕ አየር! ለሙታን! አንዲት ባልቴት ከኋላ «እንግዲህ ይተነፍሱታል» ስትል ተሰማች፤ ሰዉም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ረስቶ ሳቀ። ፉካ የተባለው በግድግዳ ውስጥ እንደ ኮሞዲኖ መሳቢያ ተደራርቦ የሚሠራው መቃብር ነው። ዋጋውን የጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሲነገራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

አዲሱ ማረፊያ ግራር አፋፍ የሚባል የቆላ አገር ሆኖ ተገኘ። ማልዶ የወጣ ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚደርሰው። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ የተወለዱበት አገር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላልኩም። መሬቱ ርካሽ ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ፤ እሱንም እኔ አላልኩም።

በማግስቱ አሰገደች ቸርነትን ቢሮው ድረስ ሄዳ አገኘችው። ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፤ ባለጌ አይደለም።

«ቸርነት ልጄ፣ ደግፌ እኮ ከዚህ ሰፈር ወጥቶ አያውቅም። ዘመድ ጥየቃ እንኳን ሄዶ አያድርም፤ አልጋ ከለወጠ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል።»

«እትዬ፣ አሁን እኮ... ያው ተኝተዋል።»

«የለመደበት ቦታ ሆኖለት ነው የተኛው።»

ቸርነት እስክሪብቶውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ብቻቸውን አይደሉም እኮ፣ ብዙ ሆነው ነው የሚሄዱት» አላት።

«ተካልኝም ይሄዳል?»

«አቶ ተካልኝ... ነጋዴው ልጃቸው ፉካ ገዝቶላቸዋል። እሳቸው ይቆያሉ። ሦስተኛው ደርብ ላይ።»

«ሦስተኛ ደርብ? ያ ጉልበቱን ሲያመው የኖረ ሰው!»

ቸርነት ሳቁን ዋጠው። እሷ ግን አልሳቀችም። ሁለቱን ጎረቤታሞች አንዱን እግድግዳ ላይ፣ አንዱን ቆላ ውስጥ አድርጋ አሰበቻቸው።

«እኔስ?» አለች ቀስ ብላ።

«እርስዎ ምን?»

«ከጎኑ ነበራ የማርፈው። ቦታዬን ለክቼ ይዤአለሁ።»

«ለሚመጣው ሰው ቦታ አይያዝም፣ እትዬ። እዚህም እዚያም። መመሪያው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ደግሞስ ዕድሜዎን ያርዝመው እንጂ፣ ምን የሚያስቸኩል ነገር አለ?»

ቸርነት ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር፤ ሰድባው ወጥታ ይወጣላት ነበር። ግን ደግ ልጅ ነው። እስከ በሩ ሸኛት፣ ደረጃውንም ስትወርድ ክንዷን ያዘላት። ጆሮው ግን ለመመሪያው ብቻ ነው፤ መመሪያውም ለማንም ጆሮ የለው።

እቤቷ ገብታ ብስጭቷን የምታወራለት ሰው ፈለገች። ማን አለ? የአጎራባች ግቢዎቹ ሰዎች ባለፈው ክረምትና በጋ መካከል አንድ በአንድ ልቀቁ እየተባሉ ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል። የገቡት ስማቸው ያልተለመደ ቦታዎች ነው፤ ስልካቸው ሲደወል ነፋስ ነፋስ ይላል። በሄዱ ቀን ሁሉም «እንጠያየቃለን» ተባብለው ተሳሳሙ። ፍራሽና ቁም ሣጥን የጫነ መኪና ሲሄድ ያው ያቺን ታህል ነው ወጉ፤ እጅን ማውለብለብ፣ ከዚያ በርን ዘግቶ መግባት። ኧረ ተዉኝ፤ እኔ ስለ ሕያዋን አላወራም ብያለሁ። ወደ ሙታኑ ልመለስ።

አፅም የሚነሣበት ቀን ደረሰ። ከየቤተሰቡ ሣጥን ይምጣ ተብሎ ነበርና አሰገደችም ከሰፈሩ አንድ ወጣት አናጢ አሠርታ መጣች። ማዕዘኑ በደንብ አልገጠመም። «ይህን ደግፌ ቢያየው ልጁን አስቀምጦ ያስተምረው ነበር» አለች ለራሷ። ጉድጓዱ ሲከፈት ዘመዶቿ አትቅረቢ ብለው ሊይዟት ፈለጉ፤ እምቢ ብላ ቀረበች። እሷም ፈርታ ነበር እኮ። ስታየው ግን ፍርሃቷ ሁሉ የት እንደገባ ጠፋት። የሠርጓን ነጠላ ከሣጥኑ ውስጥ አነጠፈች። እየለቀመ የሚያቀብላት ቆፋሪ ነበር፤ እሷ እየተቀበለች እንደ ሕፃን ልጅ በእጇ ደግፋ ታስተኛዋለች። ሲያበቃ ሣጥኑን ብድግ አደረገችው።

«የኔ ጌታ፣ እንዲህ ቀለልክብኝ?» አለች።

ይህን ስትል እንባ አልመጣላትም። ደግፌ ሲሞት ያላትን እንባ ሁሉ አፍስሳ ጨርሳ ነበር። የመጣባት ናፍቆት ነው፤ ያ ትከሻው የማይታቀፍ ሰው፣ ሲገባ በሩን የሚሞላው ሰው ናፈቃት። በአንድ ክንድ የሚያዝ ሆኖ ስታገኘው ናፍቆቱ ባሰባት።

ከዚያ ወደ ፉካው ይዛው ሄደች። ግድግዳው ገና ቀለሙ አልደረቀም፤ የተካልኝ ስም ከላይ፣ አንገት ቀና አድርጎ በሚነበብበት ቦታ ነው። አሰገደች ሣጥኑን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እስክትደክም ድረስ ቆመች። የሚያያት ሰው አበደች ሊል ይችላል። እሷ ግን ሁለቱን እያሰነባበተች ነው።

«ተካልኝ፣ መሄዱ ነው» አለችው። «ተራው የሱ ነው ብሏል። አትርሳ።»

አፅሞቹን የሚጭነው የጭነት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። በጥድፊያ የሕዝብ አውቶቡስ ተከራዩ። አብሮ የሚሄደው ዘመድ እጅግ ጥቂት ነበር፤ የብዙዎቹ ሟቾች ቤተሰብ ራሱ ከሰፈሩ ወጥቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ሣጥኖቹ ወንበር ላይ ተደረደሩ። እንዲህ ያለ ጉዞ ታይቶ አይታወቅም! ቀኛዝማቹ ከሾፌሩ ኋላ፣ ሊስትሮው ከቀኛዝማቹ ጎን፣ ጠላ ሻጯ ባፈና ከበሩ አጠገብ። የሚጋፋ የለ፣ መስኮት ይከፈት ይዘጋ ብሎ የሚከራከር የለ። አሰገደች ለደግፌ የመስኮቱን ወንበር ሰጠችው፤ ወሬ የሚወድ ሰው መንገድ ማየት አለበት።

አውቶቡሱ ሲነሣ ታስጎበኘው ጀመር። «ይኸውልህ ያ አንተ ቆርቆሮውን የመታኸው ቤት፤ አሁን ግን አጥሩ ብቻ ነው የቀረው። ይኸ የነተካልኝ በር ነው፣ ቀለሙን ቀይረውታል። ያ ባንክ የሆነው ቦታ ደግሞ የዳማ ዛፋችሁ የነበረበት ነው።» እንዲህ እያለች የከተማው መጨረሻ ድረስ ደረሱ። የመጨረሻዎቹ ቤቶች ሲያልፉ አፏ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ተራራና ወንዝ ስም አታውቀውም፤ ምን ብላ ትንገረው? ሣጥኑ ላይ እጇን ጣል አደረገች። ሙቀቱ እየጨመረ፣ ዛፉ እያጠረ፣ አፈሩ እየቀላ ሄደ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሩቅ ሄዳ አታውቅም። እሱም እንደዚሁ።

ግራር አፋፍ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ሾፌሩ ቀድሞ አየና ፍሬን ያዘ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አገር ምድሩ ሁሉ ወጥቷል፤ ወንዱ በትሩን ተመርኩዞ፣ ሴቱ መቀነቱን አጥብቆ። አውቶቡሱ እንደቆመ እሪታው ቀለጠ።

«ወዮ! ወዮ! እናንተን ያህል ሰው! ምን ዓይነት ቀን ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቸርነት ለአጥቢያው አለቃ የላከው ቃል «ሙታን ይዘን ስለምንመጣ ተዘጋጁ» የሚል ነበር። ለነሱ ደግሞ ለቀብር መዘጋጀት ማለት ሌላ ትርጉም የለውም፤ አልቃሽ ይጠራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሥራ ይፈታል። ይህን ያህል ሰው በአንድ ቀን መሞቱን ሲሰሙ አንድ ትልቅ መዓት ወርዷል ብለው ከየጎጡ ተጠራርተው መጡ። ባዳ ነው ዘመድ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አብሯቸው የመጣው ቸርነት ከአውቶቡሱ ዘሎ ወረደና እጁን ያወናጭፍ ጀመር። «ኧረ ተዉ! ኧረ አታልቅሱ! ተሳስታችኋል፣ እነዚህ እኮ ድሮ የሞቱ ናቸው! ድሮ ተለቅሶላቸዋል!»

የአገሩ አልቃሽ ዘነቡ የምትባል ረጅም ቀጭን ሴት ናት። ነጠላዋን ከወገቧ እንዳሰረች ፊቱ መጥታ ቆመች።

«እናንተ ዘንድ ድሮ ሞተው ይሆናል፣ ወንድሜ» አለችው። «እኛ ዘንድ ግን ዛሬ ነው የመጡት። ሳይለቀስለት እዚህ አፈር የገባ ሰው የለም፤ አንተ ደርሰህ አታስጀምረንም። ስማቸውን ንገረን።»

ቸርነት ያፈረውን ማፈር! ደብተር የለው፣ ነገሩን ያሰበው የለ። ጠቅላላውን «ወገኖቻችን» ብሎ ነው የጫናቸው። ዞር ብሎ አሰገደችን አያት። እሷም ደግፌን እንዳቀፈች ወረደች። ሣጥኖቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ «ይህች ባፈና ናት፤ ጠላ ትሸጣለች፣ ለጠጪው ሁሉ እንደ እናት ናት፣ ባለዕዳ አታስጨንቅም» አለች። «ይኸኛው ቀኛዝማች ነው፤ ኩሩ ነው፣ ግን ለውሾች ሥጋ ይገዛል። ይህን ልጅ በደንብ አልቅሱለት፤ ጫማ ጠርጎ እናቱን የሚጦር ልጅ ነበር።» በየእሑዱ ከነሱ መሀል ቁጭ ስትል የኖረች ሴት ናት። ለያንዳንዱ ዘነቡ ታንጎራጉራለች፣ አገሩ ይቀበላል።

በመጨረሻ ዘነቡ እሷ ያቀፈችው ሣጥን ዘንድ ደረሰች።

«ይህስ ማነው፣ እህቴ?»

«ደግፌ።»

«ምን ያደርግ ነበር?»

«አናጢ ነው። ቤት ይሠራል።» አሰገደች ሌላም ልትል ፈልጋ ነበር፤ ሳቁን፣ ዳማውን፣ አልጋ ሲለውጥ እንቅልፍ እምቢ እንደሚለው። አፏ አልታዘዝ አላት። ዘነቡ ግን አልቸኮለችም። ፊቷን አየች፣ ሣጥኑን አየች፣ ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

«ስንቱን ቤት አቁሞ፣ ስንቱን ጣራ ሠርቶ፣
ደግፌ መጣልን ማደሪያ ቦታ አጥቶ።»

አገሩ በአንድ ድምፅ ተቀበለ። የማያውቁት ሰዎች፣ እጁን ጨብጠውት የማያውቁ ሰዎች፣ ስሙን እየጠሩ ደረታቸውን መቱለት። ያን ጊዜ የአሰገደች እንባ መጣ። አልቋል ያለችው እንባ ሁሉ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ባሏ ዛሬ የሞተ ያህል ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለደግፌ ብቻ አይደለም ያለቀሰችው። ለምን ለምን እንደሆነ ሁሉንም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ቸርነት ራሱ ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዙሮ ዓይኑን ሲጠርግ ታይቷል።

ቀብሩ አበቃ፣ ንፍሮው ተበላ። ዘነቡና አሰገደች አዲሱ አፈር አጠገብ ካለ ግራር ሥር አረፍ አሉ።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ዘነቡ። «የሞተ ሰው ለምን ይነሣል? ምን አጥፍተው ነው?»

«ምንም አላጠፉም። ቦታው ተፈለገ።»

«ለማን?»

«ለሕንፃ።»

«ሕንፃው ውስጥ የሚገባው ማነው?»

«እንጃ። ገና አልተሠራም።»

ዘነቡ አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች። ነገሩ ሊገባት ብትፈልግም አልገባ አላት። ደግሞ ብዙ ብንነግራት ምን ይጠቅማታል?

«ደግፌ ወሬ ይወዳል» አለቻት አሰገደች። «በዚህ ስታልፊ ጎራ እያልሽ... ምንም ይሁን፣ ዝናብ ጣለ አልጣለም ብቻም ቢሆን ንገሪልኝ።»

«እነግርልሻለሁ፣ እህቴ። እኔም ባሌ ከዚያ ማዶ ነው ያለው፤ በዚህ ነው የማልፈው። አንቺም መጥተሽ ጠይቂው እንጂ።»

«እንዴት እመጣለሁ? መንገዱን አየሽው። ጉልበቱም የለኝ።»

«እዚሁ ብትቀሪስ?»

አሰገደች ሜዳውን አየችው። እውነትም ሰፊ ነው። እውነትም አየሩ ንጹሕ ነው፤ ማንም አልዋሸም። ከደግፌ በግራም በቀኝም የፈለገችውን ያህል ቦታ አለ። ግን ነገ ጠዋት ስትነሣ ማንን ደህና አደርክ ትላለች? ጨው ሲያልቅባት የማንን በር ታንኳኳለች? እንጀራዋ የት ነው፣ ለቅሶዋስ የት ነው? ደግፌ እዚህ ተለቅሶለት ገባ፤ እሷ ግን ገና በእግሯ የቆመች ሰው ናት። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ዘነቡን አቅፋ ሳመቻትና ሄደች። በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ እሷም አልተቀመጠችበትም። ሌሊቱን ሁሉ፣ ከተማዋ እስክትደርስ ድረስ ባዶውን ወንበር በእጇ ይዛው ነበር።

ቀጥሎ በመጣው እሑድ ቅዳሴው አለቀ። እግሯ ነገሩን ገና አልሰማም መሰል፣ በቤተልሔሙ ጀርባ ይዟት ዞረ። ድንጋዩ የለም። ጽዶቹ ተቆርጠዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በቆርቆሮ ታጥሯል። የሳምንቱን ወሬ ሁሉ አጠራቅማ ነበር፤ የማዶዋ ልጅ መውለዷን፣ የዳቦ ቤቱ መዘጋቱን፣ በግራር አፋፍ ያየችውን ሁሉ። ወሬው አፏ ውስጥ ቀረ። እንዲህ ያለ ናፍቆት አለ ቢሏት ከዚህ ቀደም አታምንም ነበር። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ የናፈቀችው ግን ያለፈው እሑድን ነው።

ቸርነት ከበስተኋላዋ መጣና አጠገቧ ቆመ።

«እትዬ፣ እንግዲህ ልብዎ አረፈ አይደል?» አላት። «አቀባበሉን አዩት እኮ። ሰብሳቢያችን ስነግራቸው እንዴት ደስ እንዳላቸው!»

«አየሁ፣ ልጄ። እግዜር ይስጣቸው። ደግ አገር ነው።»

«ነው አይደል?» ቸርነት ደስ አለው። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲያውም... ይህን ለማንም እንዳይናገሩት። ለቀረው የሰፈር ሰውም እንዲሁ ያለ ነገር ታስቧል እየተባለ ነው። የእርስዎ ግቢ ሳይቀድም አይቀርም። ሲመጣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። እርስዎ መቼም አገር አይተዋል፣ ሰዉም እንዴት እንደሚቀበል ያውቁታል።»

አሰገደች የቆርቆሮውን አጥር አየችው። አልተቆጣችም። ነጠላዋን አጣፋችና ወደሱ ዞረች።

«ወዴትም ውሰዱኝ፣ ቸርነት። ወደ ደግፌ ከሆነማ ደስታዬ ነው። ብቻ እንደሱ ከሞትኩ በኋላ ይሁን።»

«ኧረ እትዬ! ምን ማለትዎ ነው?»

«እነሱ ሞተው ስለሄዱ ነዋ የተለቀሰላቸው፣ ልጄ። በቁሙ ቤቱን ለቆ ለሄደ ሰው የሚያለቅስ እኔ እስካሁን አላየሁም።»